ደም መጣጭ በመስታወት አይታይም

ጀርባዋ ላይ ጽጌረዳ የተሳለባት ትንሽ ክብ መስታወት አለችኝ። መሳቢያ ስከፍት በድንገት ካየኋት አንስቼ ጽጌረዳዋን በጣቴ እዳብሳለሁ።

ልጅ እያለሁ ቦሌ አካባቢ ባለ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የመኝታ ቤታችን መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ አባቴን አስረውታል። በቀበሌው ስብሰባ ላይ «ደም መጣጭ» እንዳሉት እናቴ ለጎረቤት ስታወራ ሰምቻለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንን እጠይቃለሁ?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የፈረንጅ አስተማሪዎቹ ጥለውት የሄዱትን ፊልም ምግብ አዳራሽ ውስጥ አሳዩን። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነው አዳራሹ ገና የምሳውን ምስር ወጥ ይሸታል። ፊልሙም እንደኛው የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ጭጋግ የዋጠው፣ ኮሪደሩ ማለቂያ የሌለው። ጥቁር ካባ የለበሰ ጨዋ መሳይ ሰውዬ እየመጣ የልጆቹን አንገት ይነክሳል። የሚተረጉሙልን ተቆጣጣሪያችን እትዬ አስካለ ነበሩ። ለሰውየው ስም ቢያጡ ጊዜ «ይኼ እንግዲህ ደም መጣጭ ነው» አሉን። እኔ ክው አልኩ። «ደም መጣጭ በመስታወት አይታይም፤ የሚታወቀው በዚያ ነው» ብለው ጨመሩ። መጨረሻ ላይ ደረቱን በሹል እንጨት ሲወጉት አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔ እንባዬ ይወርዳል፤ ልጆቹ የፈራሁ መስሏቸው «አንቺ ቦቅቧቃ!» እያሉ ሳቁብኝ።

በማግስቱ እሁድ ከእናቴ ጋር ለአባቴ ስንቅ ይዘን ሄድን። መስታወቷን ካልሲዬ ውስጥ ደብቄያለሁ። ፊት ለፊቱ ሆኜ ጀርባዬን ሰጠሁትና በትከሻዬ በኩል በመስታወቷ ላየው ስሞክር ነቃብኝ።

«ምንድነው እሱ? አምጪው እስቲ የኔ እናት።»

ከታሰረ ጀምሮ ፊቱን አላየም ነበር። መስታወቷን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ጉንጩን ዳበሰ። ከዚያ እናቴን «እንዲህ ሆኛለሁ እንዴ?» አላት። «ምንም አልሆንክም፤ ትንሽ ከስተህ ነው» አለችው ዓይኗን እያሸሸች። እኔ በክንዱ ስር ሾልኬ አየሁ። ጢሙ ሸብቷል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ግን አለ! እሱው ነው!

«አባዬ ትታያለህ! ትታያለህ እኮ!» ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

«ታዲያ የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?» አለኝ እየሳቀ። መስታወቷን ትቼለት መጣሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው እሁድ ዘበኛው ስንቁን አልተቀበለንም። የአባቴን ኮት ለእናቴ አቀበላትና «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» አለ። ያኔ ይህን ቃል የማያውቅ አልነበረም። ማልቀስ ክልክል ነውና እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ቤት እስክንደርስ ድረስ ነከሰችው። መስታወቷ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበረች።

ዛሬ ቦሌ ሕንፃው ሁሉ መስታወት ለብሷል። እኔም አባቴ ከሞተበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ ጸጉሬ ሸብቷል፣ ጉንጬ ጎድጉዷል። በዚያ ሳልፍ ቀና ካልኩ አባቴ ከነፊቱ ይታየኛል፤ ቆም ብዬ «አለህ» እለዋለሁ። ደም መጣጮቹን ግን በዚያ ሁሉ መስታወት አንድ ቀን እንኳ አይቻቸው አላውቅም።