ጋዲሴና ሦስቱ መኪኖች

የወሰን ሰፈሯ ልብስ ሰፊ ጋዲሴ መኪና ወደደች። ችግሩ የወደደቻት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በሦስት ደረጃ መሸጧ ነው። የታችኛዋ አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ፣ መካከለኛዋ ሁለት ሚሊዮን፣ ሰማይ የሚያሳይ የመስታወት ጣሪያ ያላት «ፉል» የሚሏት ደግሞ ከዚያም በላይ። የጋዲሴ ቁጠባ ለታችኛዋ ብቻ ይበቃል። መካከለኛዋን ካማራት እንጀራዋ የሆነውን የጥልፍ ማሽን መሸጧ ነው።

መኪናዋ የተፈለገችው ለእናቷ ለእማማ ዲንቄ ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ታክሲ መሳፈር አቅቷቸው፣ የልጃቸውን የየካ አባዶ ቤት በስም ብቻ ነው የሚያውቁት።

ጋዲሴ ጨርቅ እየቀደደች ታንጎራጉራለች፦

የውዷማ ዋጋ ከእንጦጦ ይረዝማል፣
በርካሿ ልውጣ ስል ልቤማ ይደክማል።

«አንቺ፣ መኪና ነው ባል የምትመርጪው?» አለቻት ጎረቤቷ ባለሱቋ ሐመልማል።

«ባል ቢሆንማ የተገኘውን ይዤ እገባ ነበር።»

ሻጩን ጠሀን «ዳገት ሳትወጣ አልገዛም» አለችው። «ባዶዋንማ ማንም ይወጣል፤ ሰው ጭነን ነው።» የተጫነችው ሐመልማል ናት፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች ገባች። ጠሀ ያመጣው መካከለኛዋን ነበር። «ሞተርና ባትሪያቸው አንድ ነው እትዬ፤ ልዩነቱ ውስጧ ነው» አለ።

በባሕር ዛፉ መሀል እንደ ንፋስ ሽው ብለው ወደ እናቷ ቤት ወጡ።

«ድምፅ የላትም፤ ጠፍታብህ እንዳይሆን» አለች ሐመልማል።

እማማ ዲንቄ ጊደር እንደሚገዛ ሰው መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩ። ከዚያ ከበሩ በላይ ያለችውን እጀታ ጨብጠው፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ራሳቸውን ስበው ገቡ። የጋዲሴ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ሰማይ የምታሳይም አለችን እማማ» አለ ጠሀ።

«ሰማዩንስ ደጄ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ ልጄ። ይቺ መያዣ ትሻለኛለች።»

ጋዲሴ ዞር አለች። «ታችኛዋ ላይ እጀታ አለ?»

ጠሀ አንገቱን አከከ። «ቀዳዳው አለ፤ በክዳን ተሸፍኗል። እጀታው ግን የለም።»

«ታዲያ ሁለት መቶ ሺህ ብር ለእጀታ ነው?»

«ትልቅ ስክሪንም አላት እኮ።»

«እናቴ ስክሪን ጨብጣ አትገባም።»

የዚያን ቀን ጋዲሴ አላንጎራጎረችም። በማግስቱ የታችኛዋን ገዛች። የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ አጣጥፋ ደራርባ እጀታ አድርጋ ሰፋችው፤ ባልተሸጠው ማሽኗ ዳር ዳሩን በቀይ ክር ጠለፈችው። የሰፈሩ ጋራዥ በቀዳዳዎቹ ላይ በብሎን አሰረላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እማማ ዲንቄ ቀበቶውን ሁለቴ ጎትተው ፈተኑትና ገብተው ተደላደሉ። በወዲያኛው በር ሐመልማል ገና ከመቀመጫው ጋር ትታገላለች።

«ለዚያኛውም በር አንድ ስፊ» አሉ ለልጃቸው። «እሷም ሰው ናት።»