ከጦሩ ማማ የመጣ ድምፅ

በደርግ ዘመን ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን አበር ነበር። ሥራዬ ገጠር ላሉ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ማድረስ፣ ስመለስ ደግሞ የጠናበት በሽተኛ ካለ ይዞ መምጣት ነው። ቤቴ እሪ በከንቱ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ወጥቼ በታክሲ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እወርዳለሁ።

በምንበርበት መንገድ ላይ አንድ የጦር አየር ማረፊያ አለ። በአየር ክልሉ ማለፍ የሚቻለው ማማው ላይ ያለው ወታደር በሬዲዮ ሲፈቅድ ብቻ ነበር። እኛ ሲቪል አብራሪዎች እነዚህን ሰዎች እንፈራቸዋለን፤ ከሁሉም በላይ አንዱን። ድምፁ ወፍራም ነው። ሰላምታ ብሎ ነገር አያውቅም። መለያህን፣ ከፍታህን፣ የምትሄድበትን ይጠይቅሃል፤ ትንሽ ከተንተባተብክ “ድገም!” ይላል። ጓደኞቼ ድምፁን እያስመሰሉ ይስቁበት ነበር። እኔ ግን እሱን ከማነጋገሬ በፊት የምለውን ሁሉ ወረቀት ላይ እጽፍ ነበር።

አንድ የሐምሌ ቀን ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ስመለስ፣ ከኋላዬ አንዲት ወጣት እናት ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ደመናው ከበታቻችን ተዘጋ። የአዲስ አበባ ማረፊያ በዝናቡ ምክንያት ማንንም እንደማይቀበል ነገሩኝ። ወደመጣሁበት ልመለስ ብል ነዳጁ አይበቃም። የቀረኝ የጦሩ ማረፊያ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ሲቪል አያርፍም።

ጠራሁ። የመለሰልኝ ያ ሰውዬ ነው።

“ክልክል ነው። ከክልሉ ውጣ” አለኝ በእንግሊዝኛ፤ በሬዲዮ የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነበር።

ነዳጄ እያለቀ እንደሆነና የታመመ ሕፃን እንደያዝኩ ነገርኩት። “ጠብቅ” አለኝ። ስጠብቅ እናትየው ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ “ደረስን ወይ፣ ወንድሜ?” አለችኝ። “ትንሽ ነው የቀረን” አልኳት።

ከዚያ ሰውዬው በአማርኛ መጣ።

“ስማኝ፣ ወንድሜ። አለቆቼን በስልክ ላገኛቸው አልቻልኩም። ፈቃድ እስካገኝ ብጠብቅ አንተ መውደቅህ ነው። መስኮቱን ከፍቼ ሞተርህን እየሰማሁ ነው። ወደ ቀኝ ዙር።”

ዞርኩ።

“አልፈኸኛል፤ አሁንም ወደ ቀኝ። እንደሱ። ከበታችህ ሜዳ ነው፣ ቀስ እያልክ ውረድ። አረንጓዴ የምልክት ጥይት አስተኩስልሃለሁ፤ ስታየው ንገረኝ።”

ከፊቴ ነጭ ብቻ ነው። እየወረድኩ፣ መሬቱን እየፈራሁ፣ ጆሮዬ እሱ ላይ ተተክሏል። በየመካከሉ “አይዞህ፣ አለሁ” ይለኛል። ያ ሁሉ ቁጣው የት እንደገባ እንጃ። ድንገት ደመናው ውስጥ አንድ አረንጓዴ ነገር ቦግ አለ። “አየሁት!” ብዬ ጮህኩ። “እሱን ተከትለህ ና” አለኝ። ከደመናው ስወጣ የረጠበው አስፋልት ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር።

ገና ሞተሩን ሳጠፋ ወታደሮች ከበቡን። ሕፃኑን ሲያዩ ግን መሣሪያቸውን ዝቅ አድርገው እናትና ልጁን በአምቡላንሳቸው ወደ ሆስፒታል ላኳቸው። እኔን ሲጠይቁኝ አምሽተው ለቀቁኝ። ሰውዬውን ግን አላሳዩኝም።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ከሬዲዮ ጠፋ። እንዳልጠይቅ፣ የምንለው ሁሉ ይሰማል፤ ጥያቄዬ ደግሞ ለእሱ ሌላ ጣጣ ይሆንበታል። በእኔ ምክንያት ታስሮ ይሆናል ብዬ ክረምቱን ሙሉ ስጨነቅ ከረምኩ።

መስከረም ላይ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒው ጋ ቆሜ ሳለሁ፣ ከጎኔ አንድ ሰው “ማኪያቶ፣ ጠቆር ይበል” ሲል ሰማሁ። ያ ወፍራም ድምፅ ነው። ዞር ስል ሹራብ የለበሰ፣ አጭር፣ ከሲታ ሰው ነው። እኔ በሐሳቤ የሣልኩት ግን በር የማያስገባው ግዙፍ ሰው ነበር።

“ይቅርታ፣ እርስዎ ማማው ላይ አይሠሩም ነበር?” አልኩት ቀስ ብዬ።

“ተሳስተሃል” አለኝ ሳያየኝ። ዙሪያችን ሰው ሞልቷል፤ ያኔ ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ደረሰብኝ።

“ልጁ ተረፈ?”

“ተርፏል። ድኖ ከእናቱ ጋር አገሩ ገብቷል።”

“እግዚአብሔር ይመስገን” አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ዓይኑን ጠረገ። ጥቂት ጊዜ አስረውት እንደነበር፣ ከማማው አንስተው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዳዛወሩት፣ አሁን ብርድ ልብስ እንደሚያከፋፍል ነገረኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ።

“ምን ነካህ! አንተ ብቻ የፈራህ መሰለህ? እኔም እኮ ከአንተ ባልተናነሰ ፈርቼ ነበር።”

እንቢ ቢለኝም ጎትቼ ቤቴ ወሰድኩት። ባለቤቴ ማን እንደሆነ ስነግራት የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ አቀፈችው። አቀርቅሮ በላ፤ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ብሎ በጊዜ ተነሣ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ሳንጠራው ብርቱካን ይዞ መጣ።

ወደ ማማው አልመለሱትም። በዓመቱ ወንድ ልጅ ተወለደልን፤ ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። አለቆቹ እንዳይሰሙ የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ ያንኑ ሹራብ ለብሶ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ በፊት ደርሶ ነበር።