ቀይ ቀለም የነካው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሱቅ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። የከተማችን የማርቆስ ልጅ የሆነች ዶክተር የጻፈችው ጥናት ነው፤ በእንግሊዝኛ። የእኔ እንግሊዝኛ የካርቶን ላይ ጽሑፍ ከማንበብ አያልፍም። ልጄ ፋርማሲ ስለምትሠራ ዘርዝራ አስረዳችኝ፦ በዘር የሚወርድ የኩላሊት በሽታ አለ፤ ሐኪሟ የምትመራመረው ጥፋቱ ያለበትን ዘረመል ብቻ ለይቶ የሚያነጣጥር መድኃኒት ላይ ነው። ኩላሊቱ ቀድሞ ለደከመበት ደግሞ፣ የሌላ ሰው ኩላሊት ሲተከልለት ሰውነቱ እንደ ባዳ ቆጥሮ እንዳይገፋው የሚደረገውን ታጠናለች። ግማሹ ገባኝ፤ የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ ገጹን ስትገፋው አንድ ሥዕል ታየኝ። ክብና አራት ማዕዘን፣ በመስመር የተያያዙ፣ አንዳንዶቹ ላይ ጭረት ያለባቸው። ጆንያው ላይ ቁጭ አልሁ። ያንን ሥዕል አውቀዋለሁ፤ ለጥቂት ነበር በርበሬ ያልጠቀለልሁበት።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ገበያው ዳር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ቅመም እሸጥ ነበር። ፌስታል እንደ ዛሬው አልበዛም፤ ኮረሪማውንም አዝሙዱንም ወረቀት እንደ ቀንድ ጠምዝዘን ነበር የምንሰጠው። ወረቀቱን ከየቤቱ በኪሎ እንገዛለን። የደብተር ወረቀት ይመረጣል፤ የጋዜጣ ቀለም ይለቃል።

አንድ ሕግ ግን ነበረኝ፤ ከእናቴ የወረስሁት። ቀይ ቀለም የነካውን ወረቀት አልቀድም። በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የቅዱሳን ስም በቀይ ስለሚጻፍ፣ ፊደል የማትለየው እናቴ ቀይ ካየች አንሥታ ከፍ ያለ ቦታ ትሸጉጠዋለች። እኔም ጣሪያው ሥር እሸጉጥ ነበር። መምህር በቀይ ያረመው የፈተና ወረቀት ሁሉ እዚያ ወጥቷል። ብዙ የተሳሳተ ተማሪ ብዙ ቀይ ስላለበት፣ በእኔ ሱቅ የተከበሩት ሰነፎቹ ነበሩ።

በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ጠዋት ጀምሮ ማታ በማያቆምበት ሰሞን፣ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩሰው አንድ ካርቶን አሮጌ ወረቀት ሸጡልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃቸው ስንዱ ከአዲስ አበባ መጣች፤ የሕክምና ተማሪ ናት። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ሱቄ ገባች።

"አንዷለም፣ ካርቶኑ የት አለ?"

ግማሹ አዝሙድ ተጠቅልሎበት ሄዷል፤ ግማሹን ለይጁቤዋ ቅመም ሻጭ ለእማማ ዘነቡ ሰጥቻቸዋለሁ። ይህን ስነግራት የጨው ጆንያዬ ላይ ቁጭ አለች። አምበር አካባቢ ወንዶቹ በኩላሊት እየታመሙ በወጣትነታቸው የሚሞቱበት አንድ ቤተሰብ አለ። አንድ ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረውላት፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ አንድ በአንድ ጽፋ፣ ወረቀቱን ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጣው ነበር።

"ሽማግሌው በጥር አረፉ" አለችኝ። "ሌላ የሚያውቅ የለም።"

በማግስቱ አይሱዙ ላይ ተሳፍረን ይጁቤ ወረድን። መንገዱ ሊጥ ሆኖ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ገበያው ዳር ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዛሁላት፤ አንዱን ልጣ ሳትበላው ያዘችው። እማማ ዘነቡ የቀረቻቸውን ጥቂት ወረቀት እግራቸው ሥር ደብቀው፣ "እኔስ አዝሙዴን በመዳፌ ልሽጠው?" አሉ። በንጹሕ ደብተር ለወጥኋቸው። ስንዱ አንድ በአንድ ገለጠችው፤ የትምህርት ቤት ማስታወሻ ብቻ ነበር።

ስንመለስ፣ ለራሷ ይመስል፣ "የሞቱትን በቀይ መስቀል ነበር ምልክት ያደረግሁባቸው" አለች።

ሾፌሩን ንዳው አልሁት።

ሱቅ ስንደርስ ጆንያው ላይ ወጥቼ ከጣሪያው ሥር ከፈተናዎቹ መሐል ወረቀቱን አወረድሁላት። አንድ ጥጉ ዝናብ ነክቶታል እንጂ ሙሉ ነው። ከላይ እስከ ታች በጣቷ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ከዚያ የያዘቻትን ድንች በላች።

"አይተኸው ነበር?"

"የደብተራ ጠልሰም መስሎኝ ነዋ። ክብና ሳጥን ተሰልፎ፣ ላዩ ላይ ቀይ መስቀል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?"

"የተማረች ልጅ ደብተራ ቤት ትመላለሳለች እንዳይባል፣ ገመናሽን ልጠብቅ ብዬ።"

እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነግሬያት የስንዱን ሥዕል አጉዪው አልኋት። የሰዎቹ ስም የለበትም። ቀይ መስቀሎቹ ጭረት ሆነዋል፤ ግን በየቦታቸው ናቸው። ከታች እኔ የማላውቀው አዲስ ረድፍ ተጨምሯል፤ ጭረት የለበትም።

"እነዚህስ?"

አነበበችልኝ። አንዱ በእህቱ ኩላሊት ይኖራል፤ ሌሎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ክትትል ላይ ናቸው። መድኃኒቱ ገና በሙከራ ላይ ነው።

"አንድም ጭረት የለም?"

"የለም፣ አባዬ።"

ራሴም ቆጠርሁ። የለም። አንዲት ደንበኛ ስትጠብቀኝ ስለነበር ተነሥቼ ኮረሪማዋን በፌስታል አሰርሁላት። ፈተናዎቹ ዛሬም ጣሪያው ሥር አሉ። ልጄ ጣላቸው ትለኛለች፤ የትኛው እንደሚፈለግ ስለማላውቅ አልነካቸውም።