ውስጡ ባዶ የሆነው ጠርዝ

ጎረቤታችን ይታያል ከደጀን በታች፣ ወደ አባይ በሚወርደው የኖራ ድንጋይ ገደል ላይ እንግዳ እየመራ የሚኖር ሰው ነው። የእግር መንገዱ ከሰው ትከሻ የማይሰፋበት አንድ ቦታ አለ። እዚያ ውሃ ድንጋዩን ከሥር በልቶታል፤ ጠርዙ ላዩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ይታያል እዚያ ሲደርስ ያገኘውን ሁሉ፣ እንግዳም ይሁን ገበያተኛ፣ «ወደ ውስጥ! ጠርዙን አትርገጡ» ይላል። በቁጣ ነው የሚለው፤ ለአህያ እንኳ ይጮሃል። እኛ ጎረቤቶቹ በዚህ እንስቅበት ነበር።

ታላቅ ወንድሙን ድረስን፣ አብይ የሚባል ባላገር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ አውድማ ላይ በጥይት ገደለው። ጥይቱ ፊቱን ነው ያገኘው፤ ሳንገልጠው ነው የቀበርነው። አብይ ታሰረ፣ ተፈታ። የነይታያል እናት ወለተ ኪዳን ግን የልጄ ደም ካልተመለሰ ብላ ጥቁሯን አላወለቀችም። ደም መላሽ መሆን የሚገባው ይታያል እንግዳ ይዞ ሽቅብ ቁልቁል ማለቱ አገሩን አናደደ። ሰርግ ላይ ሴቶቹ በግጥም ወጉት፤ አጎቶቹ ጠላ ሲቀዳ ዘለሉት። ሰውን ነፍሰ ገዳይ ለማድረግ እንዲህ የሚተጋ አገር፣ እግዜር ይይለት።

ባለፈው ጥቅምት ይታያል ሁለት እንግዶች ይዞ ሲወርድ፣ አብይ ዱላውን ይዞ ሲወጣ፣ እዚያው ጠባቡ ላይ ተገናኙ። በመንገዱ ወግ የሚወርድ ሰው ሰፋ ወዳለው ቦታ ተመልሶ የሚወጣውን ያሳልፋል። ይታያል ለደመኛውም ወጉን አላጎደለም፤ ወደ ኋላ አፈገፈገለት። አብይ ግን ደመኛ መንገድ የሚለቀው ሊያደባ ነው ብሎ ቀድሞ መታ።

ዱላው የይታያልን ግንባር ፈነከተው። ይታያል ደም ዓይኑን እየሸፈነው በምርኩዙ የአብይን ክንድ ሰበረ፤ አጥንቱ ሲሰበር እንግዶቹም ሰምተዋል። ሁለተኛው ምት አፉ ላይ አረፈ። አብይ ጥርሱን እየተፋ ወደ ኋላ ወደ ኋላ አለ፣ ተረከዙም ጠርዙ ላይ አረፈ። ይታያል ይህን አየ። ምርኩዙን ዝቅ አደረገና ዝም አለ።

ጠርዙ ተገመሰ። አብይን ከታች የለቀምነው በጆንያ ነው።

እንግዶቹ ራሱ ነው የወደቀው ብለው ስለመሰከሩ ፖሊስ ይታያልን ለቀቀው። ሽማግሌዎችም ሊያስታርቁ ሁለቱን ወገን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰበሰቡ። ቄስ ኪዳነ ማርያም መስቀል አስይዘው፣ «ገፍተኸዋል?» አሉት።

«አልገፋሁትም፣ አባ።»

ሁሉም እፎይ አለ። እርቁ ሊያልቅ ሲል የአብይ እህት ፍቅርአዲስ ተነሳች።

«እኔን የደመኛህን እህት እንኳ ገበያ ስወርድ ‹ወደ ውስጥ› እያልክ ስትጮህብኝ ነው የኖርከው። ለወንድሜስ ነገርከው?»

እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር፤ አላፍርበትም። ይታያል መስቀሉን እንደያዘ፣ «አልነገርኩትም። እንዲወድቅ ፈልጌ ነው» አለ። የአብይ ታናሽ ወንድም ዱላውን አነሳና ቡራኬ ሳይቀበል ወጣ።

ይታያል ቤት ሲደርስ እናቱ ነጭ ቀሚሷን አውጥታ፣ ጥቁሯን ልታወልቅ እልል እያለች ነበር። እጇን ያዛት።

«ጥቁሩን አታውልቂው፣ እምዬ» አላት። «ለእኔም ይሆንሻል።»