አንድ ክዳን ውሃ

ፎርት ዎርዝ የምሠራበት መጋዘን በር ላይ የጭነት መኪና ሞተሩን ሲያስነሳ የናፍጣው ሽታ አፌ ውስጥ ይቀራል። ዛሬም ቀረ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ከቦሳሶ ወደብ ወደ የመን በሚሻገር ጀልባ ውስጥ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ሰው በሰው ላይ ስለተጫነ እግር መዘርጋት አይቻልም፤ ያመመውም እዚያው ያስመልሳል። አሻጋሪዎቹ ናፍጣ ናፍጣ የሚለውን ውሃ ጠዋትና ማታ በጀሪካኑ ክዳን እየለኩ ያድሉናል። የሞተ ሰው ካዩ ግን አንስተው ባሕር ውስጥ ይጥሉታል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ ሲጥሉ አይቻለሁ።

አጠገባችን እትዬ ጽጌ ሕፃን ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋለች። በሁለተኛው ቀን ልጁ ማልቀሱን ተወ። ውሃ ሲታደል የሱንም ድርሻ ተቀበለችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ተኝቷል፤ የሱን አንቺ ጠጪለት።»

እናቴን ቀና ብዬ አየኋት።

«ጠጪ። ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ጠጣሁ። ማታም ጠጣሁ፤ በማግስቱም። የብስ ስንደርስ እትዬ ጽጌ ልጇን ሳታወርድ በአንድ እጇ አሸዋ ስትቆፍር አየኋት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ዛሬ በብሬክ ሰዓት ካሮልተን ከተማ ቤታችን ሕፃን ልጃችንን ይዞ ለሚጠብቀኝ ባሌ ኮል አደረግኩ።

«ልጁስ?» አልኩት።

«ተኝቷል።»

«ቀስቅሰው።»

«አሁን ገና እኮ ነው የተኛው።»

«ይሁን። ቀስቅሰውና ድምፁን አሰማኝ።»