አንገቴን የሰጠኋቸው ሰው

የያዙኝ ቀን የፊጥኝ አስረው መኪና ወለል ላይ ጣሉኝ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለው የእህል መጋዘን ስንደርስ አንገቴ ወደ ቀኝ ተጣሞ ቀርቷል። መጋዘኑ ገና ዳጉሳ ዳጉሳ ይሸታል። ውስጡ አሥራ አንድ እስረኞች ነበሩ፤ አንገቴን ማዞር ስላልቻልኩ ግማሾቹን ያየኋቸው በማግስቱ ነው።

መርማሪዎቹ ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ጓደኛዬ የተደበቀበትን ቦታ። ዘጌ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ጠና ያሉ እስረኛ አጠገቤ ተቀመጡ። ሆስፒታል ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ክፍል ሲሠሩ እንደኖሩ ነግረውኝ አንገትህን ልየው አሉ። እኔ ግን ከመጣሁ ጀምሮ ዐይኔ እሳቸው ላይ ነበር። በየቀኑ ይጠራሉ፣ ሳይደበደቡ ይመለሳሉ፣ እንዲያውም ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። የእስር ቤቱን አዛዥ አንገት ነው የማሸው ይላሉ። ማን ያምናል? ጆሮ ጠቢ ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ሕመሙ ሲብስብኝ ግን ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

አውራ ጣታቸው ትከሻዬን እየዳበሰ ሄዶ ሽምብራ የምታክል ቋጠሮ ላይ ቆመ። ሲጫኗት ሕመሙ ከትከሻዬ ተነሥቶ ዐይኔ ሥር ገባ። አላሹም፣ ዝም ብለው ተጭነው ቆዩ። ቋጠሮዋ እስክትላላ እንደሚጠብቁ፣ ሲቀለኝ እንድነግራቸው አስረዱኝ። ምንም አላመመኝም አልኩ።

«ሥጋህ ዘለለ እኮ» አሉ።

ሰውነቴ እኔን ሳያማክር ለእሳቸው መናገሩ አስፈራኝ።

በማግስቱ ወጥመድ አዘጋጀሁ። ሲጫኑኝ ሕመሙ ያስለፈለፈኝ መስዬ፣ ጓደኛዬ ሐሙሲት ከተማ፣ አክስቱ ሻይ ቤት ነው የተደበቀው አልኳቸው። አክስት የሚባል ነገር የለውም። መርማሪዎቹ ሐሙሲትን ካነሡ እስረኛው ሁሉ ጉዳቸውን እንዲያውቅ አደርጋለሁ ብዬ ጠበቅኩ።

ሐሙሲትን ያነሣ የለም። እሳቸውን ግን ጠዋት ወስደው እኩለ ቀን ላይ ሁለት ዘበኞች ደግፈው መለሷቸው። ሁለቱም አውራ ጣቶቻቸው አብጠው ጠቁረዋል።

ቀስ ብለው ነገሩኝ። «መርማሪዎቹ ያንተን ወሬ ካመጣሁ እንደሚፈቱኝ ነገሩኝ። ከሕመሙ በቀር የሚያወራው የለም አልኋቸው።»

የሐሙሲቱ ወሬ ውሸት እንደነበር ልነግራቸው አፌን ስከፍት ያበጠ እጃቸውን አነሡ።

«በቃህ፣ ሌላ አትንገረኝ። ሁለተኛ ቢያሠቃዩኝ የምችለው አይመስለኝም። ይልቅ ዙር፣ ግራው ቀርቷል።»

ጣታቸው ስለማይሠራ በክርናቸው ተጫኑኝ። አመመኝ አልኩ። ሲቀለኝም ቀለለኝ አልኩ። ከዚያ ጭንቅላቴን በመዳፋቸው ይዘው ቀስ አድርገው ወደ ሌላው ጎን አዘነበሉት።

በሳምንቱ ወደ ሌላ እስር ቤት አዛወሩኝ፤ ዳግም አላየኋቸውም። ጓደኛዬ ከዘጌ በሰላም መውጣቱን ከተፈታሁ በኋላ ሰማሁ። ለሰው ሳወራው እሳቸው አተረፉት እላለሁ፤ እንዲያ ማለት ይቀለኛል። ብቻዬን ስሆን ግን አፍራለሁ። ጣታቸውን የሰጡላት ሻይ ቤት የለችም፤ እሳቸውም ይህን ሳያውቁ ተለያየን።