የቤተሰብ ፉርጎው በር

ባለፈው ሳምንት የምክር ቤት አባላት ባቡር ሊጎበኙ እንደሄዱ በሬዲዮ ሰማሁ። «ሁሉንም ተዘዋውረን አይተናል» አሉ አንደኛው። «ሁሉንም?» ብዬ ብቻዬን ስስቅ የልጅ ልጄ «እማማ፣ ምን ነካሽ?» አለችኝ። የነካኝ የሪያድ ነገር ነው።

ያኔ አርባ ዓመት አልሞላኝም፤ ጉልበቴም ምላሴም ደህና ነበሩ። ሦስት ልጆቼን ከሚሴ ለእናቴ ትቼ፣ ነሲም ሰፈር አንድ የምክር ቤት አባል ቤት በሠራተኝነት እሠራ ነበር፤ «ባባ» እላቸዋለሁ። ባባ ያሉበት ኮሚቴ የባቡርን ደኅንነት ይቆጣጠራል፤ ባለሥልጣን ጠርቶ ይጠይቃል፣ ሪፖርት ያወጣል። እኔ ደግሞ ወር በወር እናታቸውን ማማ ሙኒራን ይዤ ሁፉፍ ከተማ ወደምትኖረው ሴት ልጃቸው በባቡር እሄዳለሁ። ማማ ሙኒራ ያለ ስንቅ አይንቀሳቀሱም፤ ተምር፣ በሩዝና በበግ ሥጋ የተሞላ ድስት፣ ሄል ሄል የሚሸት ቡና በፔርሙዝ። ሐምሌ ነው፤ አገሬ ዝናብ ሲጥል እዚያ የባቡሩ ብረት እጅ ይለበልባል።

የምንቀመጠው ለሴቶችና ለቤተሰብ በተለየው ፉርጎ ነው። ጫፉ ላይ የአደጋ ጊዜ በር አለ፤ እጀታው ግን በሽቦ ተጠፍሯል። የባቡሩን ሠራተኛ «ወንድሜ፣ እሳት ቢነሳ በየት እንወጣለን?» አልኩት።

«ኢንሻአላህ አይነሳም።»

«ኢንሻአላህ። አንተ ግን ሽቦውን ፍታው።»

ሳቀና ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ኮሚቴው ያንኑ ባቡር ፈትሾ ለምሳ ቤታችን መጣ። ወንዶቹ መጅሊስ፣ የእንግዳ መቀበያው ክፍል፣ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ለሾፌሩ ለዑስማን ትሪ አቀብላለሁ። ባባ የሪፖርቱን ረቂቅ ያነባሉ፦ «የሁሉም ፉርጎዎች በሮች ተፈትሸው ደህና ሆነው ተገኝተዋል።»

ትሪው እጄ ላይ ቀረ። ዑስማን ፊቴን አይቶ «እህቴ፣ ዝም በይ፤ ኢቃማሽ እሳቸው እጅ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። ልክ ነው። መኖሪያ ፈቃዴን ከቀሙኝ በማግስቱ የሚባረር ሰው የሚታጎርበት ተርሂል ነኝ። ልጆቼ ዓይኔ ላይ መጡ። ወላሂ፣ ዝም ልል ነበር። ባባ ግን ዓረፍተ ነገሩን ደስ ብሏቸው ደገሙት።

«ውሸት ነው!» አልኩ።

ከመጋረጃው ወዲያ ማኘኩ ሁሉ ቆመ።

«ማነው?» አሉ ባባ።

«እኔ ነኝ፣ ባባ። የቤተሰብ ፉርጎው በር በሽቦ ታስሯል።»

አንድ እንግዳ ጉሮሮውን ጠረገ። «እዚያስ አልገባንም። ሴቶች ነበሩ፤ ነውር ነው ብለን ከደጅ ተመለስን።»

«ታዲያ እናንተ ስላፈራችሁ እኛ እንቃጠል?»

«ግቢ ወደ ማድ ቤት!» ባባ ጮኹ። ኸላስ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ይኼኔ ከኋላዬ የማማ ሙኒራ ከዘራ ወለሉን መታ። «ልጄ፣ ሽቦውን እኔም አውቀዋለሁ። ቦርሳዬን የምሰቅለው እሱ ላይ ነው። በር ነው እንዴ?»

መጅሊሱ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ባባ ብቻ ነበሩ።

ወንዶቹ አሁንም መግባት ስለማይችሉ በሚቀጥለው ጉዞ ፈታሾቹ እኛ ሆንን። ባባ የሚፈተሸውን ሁሉ ዘርዝረው ወረቀት ሰጡን። እኔ አረብኛ ማንበብ አልችል፣ ማማ መነጽራቸውን ረስተዋል፤ ስለዚህ የሚከፈት የመሰለንን ሁሉ ከፈትን። ሽንት ቤት የነበረችው ሴትዮ እስከ ሁፉፍ ረግማናለች። ያ ሠራተኛ ሽቦውን በፒንሳ ሲቆርጠው ማማ «አሁን ቦርሳዬን የት ልስቀል?» ብለው አኮረፉት።

ሪፖርቱ ታረመ። «ጉድለቱን የጠቆመችው ከአንድ አባል ቤተሰብ ናት» ይላል። ባባ ሲያነቡልኝ «ቤተሰብ ከሆንኩ እንደ ቤተሰቡ ዓርብ ዓርብ ልረፍ» አልኳቸው። ሳል ያዛቸው፤ ረጅም ሳል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ የእኔ ሆነ።

አሁን ይህን ስነግራቸው የልጅ ልጆቼ ጀግና ሊያደርጉኝ ይፈልጋሉ። እውነቱን ከፈረድን እንዲህ አይደለም። ማማ ባይደርሱልኝ ተባርሬ ነበር። ባባም ቢሆኑ፣ ቢጮኹብኝም፣ የተሳሳቱትን በጽሑፍ አቃንተዋል፤ ያን የሚያደርግ ሹም ከዚያ ወዲህ ብዙ አላየሁም። ሙሉውን ዓርብ ግን ሊሰጡኝ ይገባ ነበር።